ፈንታሌንና ፍልውሃን በአንድ ቀን ማበላሸት

የጉዞው ቀጠሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስታዲየም ከሆነ እርስዎ 12 ሰዓት ላይ ከአልጋ ይውረዱ። ሲደወልልዎ «ደርሻለሁ፣ መብራቱ ላይ ነኝ» ይበሉ። መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሌላ ምን ሥራ አለው? ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ግርጌ፣ መተሐራ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እርስዎ የበሉት ሰዓት የሚከፈለው ቀትር ላይ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ነው። የሚከፍሉት ግን ብቻዎን አይደሉም፤ አይጨነቁ።

ጫማዎ ነጠላ ጫማ ይሁን። ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የፈሰሰው ጥቁር ቅልጥ ድንጋይ ዛሬም ጠርዙ እንደ ሰባራ ጠርሙስ ይቆርጣል፤ ፎቶ ላይ ግን አይታይም።

ዋናው ሥራዎ አስጎብኚውን ዝም ማሰኘት ነው። ከፈንታሌ የወጣው የጋለ አመድ ተጣብቆ ድንጋይ ሲሆን፣ ውስጡ የታፈነው ጋዝ እንዴት እንደነፋውና ባዶ ዋሻ ትቶ እንደሄደ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «ይሄማ የጣሊያን ምሽግ ነው» ብለው ያቋርጡት። ጅብ የሚያድርበትን ዋሻ በእጁ ሲያሳይ እርስዎ ቀድመው ይግቡ። የራስ ላይ መብራት ሲያድል አይቀበሉ፤ ፀጉር ያበላሻል፣ ስልክዎም ገና 9 በመቶ አለው። ከመውጣትዎ በፊት ስምዎንና የፍቅረኛዎን ስም ግድግዳው ላይ ይጫሩ። ፍቅሩ ክረምት አይሻገርም፤ ጭረቱ ግን ይቆያል።

አስጎብኚው «ዛሬ እዚህ ዋሻ አንገባም» ካለ ገንዘቤን መልስ ብለው ይጩሁ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አስፋልት ሲሰነጠቅ፣ ከዶፈን ሥር እንፋሎት ሲፈነዳ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ሲለቅ እርስዎ ሁሉንም በቲክቶክ ተከታትለዋል። ከአገሩ ልጅ በላይ ያውቃሉ። «ባለፈው የመጣ ጓደኛዬ ገብቷል» ማለትንም አይርሱ።

ኧረ ተው! እዚያ ቤቱ የፈረሰበት ሰው አለ። የተናጋ ድንጋይ ሥር ቆሞ ሰልፊ ማንሳት ጀግንነት አይደለም። አስጎብኚው ያደገው እዚያ ተራራ ሥር ነው፤ ግባ ሲልህ ግባ፣ ውጣ ሲልህ ውጣ። የከፈልከው መንገድ እንዲያሳይህ እንጂ አብሮህ እንዲሞት አይደለም።

ወደ ምክራችን እንመለስ። ፍልውሃ ሲደርሱ ዘንባባው መሐል ያ ሰማያዊ ውሃ፣ ታቹ ድረስ ጥርት ብሎ ይጠብቅዎታል። ጥራቱን ማስተካከል የእርስዎ ፋንታ ነው። የዋሻውን አቧራ እንደተሸከሙ ይዝለሉ፤ ሻምፖውን እዚያው ውስጥ ያፍሱ፤ ካልሲዎንም አብረው በልብስ ሳሙና ይሹት። ከብቶቻቸውን ውሃ የሚያጠጡት የአፋር አርብቶ አደሮች አረፋውን ወደውት ይሆናል።

ከመግባትዎ በፊት ሁለት ሦስት ቢራ ይጨምሩ፤ ውሃ አይጠጡ። ቀኑን ሙሉ በላብ ደርቀው፣ በባዶ ሆድ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፉና በድንገት ብድግ ይበሉ። ሙቀቱ የደም ሥርዎን ስላሰፋው የደም ግፊትዎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዓይንዎ ይጨልማል፣ ዘንባባ ሥር ይዘረራሉ። ከሐኪም ቤት የሚያገናኝዎ የመጡበት ኮረኮንች መንገድ ነው፤ ይደሰቱበት።

ስፒከር ሳይዙ አይሂዱ። ሳላው ከሩቅ ቆሞ ሲያይ፣ ወፉ ሲንጫጫ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ውሃው ውስጥ ዕረፍት ሲያገኝ፣ እርስዎ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ሰውስ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው አዲስ አበባን ፍለጋ አይደል?

የሚታጠቡ ሴቶችን ከኋላ መቅረጽም የተለመደ ነው። ይኼን እንኳ ለመቀለድ አልችልም፤ ነውር ነው። ስልክህን ኪስህ አስገባ።

ሲመለሱ ፌስታሉን ዘንባባው ላይ ይስቀሉ፤ ለቀጣዩ ቡድን ምልክት ይሆናል። አጃቢው ስካውት ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዎ ሲሄድ ውሏል። ስሙን ሳይጠይቁ ይለዩት። ለእሱና ለአስጎብኚው ቲፕ ሲሰበሰብ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት ይገኙ።