ዋናው አይ ሰቨን መሆኑ ነው

ጌሚንግ ኮምፒውተር መገጣጠም ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ይገጥማሉ ወይ፣ ራሙ ዲዲአር ስንት ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ይችለዋል ወይ እያሉ እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። አዲስ አበባ ከዚህ ጣጣ ከተገላገለች ቆይታለች። ገዢ ሱቅ ይገባል፤ «አይ ሰቨን ነው?» ይላል። ሻጭ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል አይ ሰቨን!» ይላል። ተስማሙ። ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ መጠየቅ ሰውን አለማመን ነው፤ ነውር ነው።

ደግሞስ ሰባት ከሦስት አይበልጥም? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ ሰቨን 4770 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 የወጣው አይ ስሪ 12100ም እንዲሁ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ በፍጥነት ግን ሽማግሌውን ጥሎት ይሄዳል። ይሂዳ! ምን ይጠበስ? ለመሆኑ አይ ስሪ ይዞ ጓደኛ ፊት የሚቀርብ ወጣት የቱ ነው?

ይህ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ አገር ቢሮ በተሰናበተ ቀጭን ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ያየ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ኤክሴል ሲከፍትና ደብዳቤ ሲያትም የኖረ፣ ጭምት፣ አንገቱን የደፋ ዕቃ ነው። የቀጭኑ ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ነው። የእኛ ጎበዝ ታዲያ ለዚህ ጭምት ምን ይገዛለታል? አርቲኤክስ 3060። ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ገደማ ይጠጣል፤ ኤንቪዲያ ለሙሉው ኮምፒውተር 550 ዋት ይመክራል። ፈረንጅ መቼም ማካበድ ይወዳል።

ካርዱ ኬዙ ውስጥ አይገባም፤ ኬዙ የሚቀበለው ቁመታቸው ያጠረ ካርዶችን ብቻ ነው። ችግር የለም። ክዳኑ ተነስቶ አልጋ ሥር ይገባል፣ ካርዱም ግማሽ አካሉን ውጭ አድርጎ ይቀመጣል፤ እግረ መንገዱን አየር ያገኛል። ቀጥሎ ካርዱ ባለ ስምንት ፒን ገመድ ይጠይቃል፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ አያውቅም። ለዚህም መላ አይጠፋም፦ የሃርድ ዲስክን የሳታ ገመድ ወደ ስምንት ፒን የሚቀይር ኮንቨርተር አለ። የሳታው ጫፍ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት መሆኑ፣ ስምንት ፒኑ ግን እስከ 150 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራ መሆኑ የመጽሐፍ ወሬ ነው። ፕላስቲኩ መሽተት ሲጀምር «አዲስ ዕቃ ሲባል መጀመሪያ ላይ ይሸታል» ይባላል።

አንድ ምቀኛ መጥቶ «ፓወር ሰፕላዩን ቀይረው» ቢለውም ጎበዛችን አይከፋም። ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈበትን፣ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀለውን ገዝቶ ይመጣል። ከዚያ የአዲሱ ዋና ገመድ 24 ፒን፣ የ9020 ማዘርቦርድ ደግሞ ዴል ለራሱ ያወጣው ባለ 8 ፒን ሆኖ ይገኛል። ሌላ ኮንቨርተር! በዚህ አገር ኮንቨርተር እስካለ ድረስ የማይገጥም ነገር የለም።

በነገራችን ላይ ጂቲኤክስ 1650 የሚባል ካርድ አለ። ለቀጭን ኬዝ ተብሎ ያጠረ፣ 75 ዋቱን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ የሚወስድ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ዓይነትም አለው። ስለ እሱ ግን ባናወራ ይሻላል፤ ቀለም የሚቀያይር መብራት የለውም።

ራም ላይ ብዙ አልቆይም። ዲዲአር 4ና ዲዲአር 5 ሁለቱም 288 ፒን ናቸው፤ ሰው እንዳያምታታቸው ተብሎ መሃል ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ እንዲለያይ ተደርጓል። ይህችን ክፍተት በአውራ ጣቱ ጉልበት ሊያሸንፍ የተነሳ ጀግና ሁሌም አይጠፋም። ያሸንፋልም፤ ጠቡ ከማዘርቦርዱ ጋር ከሆነ።

በስተመጨረሻ የእኛ ጎበዝ ኮምፒውተር ይነሳል። ጨዋታው ይከፈትና ይንቀራፈፋል። ኔትወርኩ ነው! ጨዋታው ብቻን የሚጫወቱት፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የማይፈልግ መሆኑን ማንሳት ነገር መፈለግ ነው። ውጊያው ሲጋጋል ደግሞ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መብራት ሄደ! አምፖሉ ግን እንደበራ ነው፤ ከጓዳ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማል። ስለዚህ መብራቱ አልሄደም፣ ዋዠቀ እንጂ። ለሚዋዥቅ መብራት መድኃኒቱ ስታቢላይዘር ነውና ጎበዛችን ተመልሶ ሱቅ ይሄዳል። ሻጩ ስንት ዋት የሚችል እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል።

«ፊቱ ላይ መብራት ያለውን» ይላል።