በሃምሳው ሺያመን

ያገራችን ሰው ባዕድ ምግብ ሲቀርብለት የሚሸሸግበት አስተማማኝ ዋሻ አለው፤ ጾም ይባላል። «ጾመኛ ነኝ» ካለ ማንም አይከራከረውም። ጋባዡ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሳህኑን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የኛ ሰው ደግሞ ሩዙን እየቀማመሰ በሃይማኖቱ ጽናት ይመሰገናል። እኔ ሺያመን የገባሁት ግን በግንቦት፣ ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ሳያልቅ ነው። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጾሙን ፈትታ ሕዝቡን ብሉ ያለችበት ወቅት። ልዋሽ ብል እንኳ አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ የሰንበት ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ባሕረ ሐሳቡን በጣቱ ቆጥሮ ያጋልጠኛል።

ወዳጄ የግራናይት ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው ደረጃና ወለል ላይ የምንረግጠውን ድንጋይ ከሚያስመጡት አንዱ። ሺያመን ደግሞ በቻይና ደቡብ ምሥራቅ፣ በፉጂያን ክፍለ ሀገር ባሕር ዳር ያለች፣ የድንጋይ ንግድ የደራባት ከተማ ናት። «ድንጋዩን እኔ አያለሁ፤ አንተ ባሕሩን ታያለህ» ብሎ አስከተለኝ። እስከ ጓንግዡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከዚያ በፈጣን ባቡር። ስለ በረራው ብዙ አልልም፤ የመርካቶ ነጋዴ በባዶ ሻንጣ ውስጥ ሌላ ባዶ ሻንጣ ከትቶ ሲሄድ ያየ ሰው የመልሱን ክብደት መገመት አያቅተውም።

ከባቡር ጣቢያው በር ስወጣ መነጽሬ ባንዴ በእንፋሎት ተሸፈነ። አወለቅሁት፣ ጠረግሁት፣ አጠለቅሁት፤ እንደገና ተሸፈነ። «ጸደይ ነው» ሲሉኝ ሹራብ ይዤ መጥቻለሁ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ በሐሩር ክልል እምብርት ተቀምጣ ጋቢ ታስለብሳለች፤ ሺያመን በ24 ዲግሪ ላይ፣ ከሐሩሩ መስመር ውጭ ሆና ሰው ትቀቅላለች። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ መሆኑን እናውቃለን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያደገ ሰው ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ግን ማወቁ አያደርቀውም። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 28 ነው። 28 ድሬዳዋም አለ፣ አዋሽም አለ። የሺያመኑ ግን ወበቅ ነው፤ ላብ ይወጣል እንጂ አይሄድም። ማታ አጥቤ የሰቀልኩት ካልሲ ጠዋት ሳየው ይባስ ርሶ ጠበቀኝ። በዚያ ላይ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ፀሐዩ አስፋልቱን ያፈላዋል።

የከተማው ሰው ከፀሐዩ ጋር የለየለት ጠብ አለው። ሴቶቹ በዝናብም በፀሐይም ጃንጥላ ዘርግተው ነው የሚሄዱት። በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ሳይቀር ባርኔጣ አድርገው፣ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ እጅጌያቸውን እስከ ጣታቸው ጎትተው ይቆማሉ። አንዲት ሴትዮ ባዶ ራሴን ፀሐይ ላይ ቆሜ ብታየኝ ጊዜ አንጀቷ አልቻለም፤ መጥታ ጃንጥላዋን አጋራችኝ። «ከዚህ በላይ ምን እጠቁራለሁ ብላ ነው?» አልኩት ወዳጄን። «ዝም ብለህ ተጠለል» አለኝ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። የወዳጄ ደንበኛ የሆነ ባለ ድንጋይ በገባን ዕለት ማታ እራት ጋበዘን። ክብ ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መስተዋት። ከሁሉ ቀድሞ ፊቴ የቆመው የሲኒ ቂጥ የምታህል፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች የረጋች ነገር ናት። አጎንብሼ ሳያት ውስጧ ግራጫ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ምንነቱን ጠየቅሁ። የባሕር ትል ነው። ከባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ታጥቦ ይቀቀላል፣ ሲበርድ መረቁ በራሱ ይረጋል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በሰናፍጭ ይበላል። ከተማው የሚኮራበት ነው። ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሃምሳው ነው፤ ብላ!» አለኝ።

ያኔ ኦሪት ትዝ አለችኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት መብላት ባገራችን ወግ አይፈቀድም ብዬ በአስተርጓሚው በኩል አስረዳሁ። ጋባዣችን በጥሞና ሰማኝ፣ አከበረልኝ፣ አስተናጋጇንም ጠራት። ጥቂት ቆይቶ ክንፍም ቅርፊትም የተሟላለት አንድ ሙሉ ዓሣ ከነራሱ መጣ። መስተዋቱ ዞሮ ዞሮ የዓሣው ራስ እኔ ላይ አፍጥጦ ቆመ። ለካ ራሱ የሚዞርበት ሰው የክብር እንግዳ ነው፤ እሱ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም። አሥር ሰው የመብያ ዱላውን ይዞ እኔን ይጠብቃል። ጀመርሁ። ዓሣው እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር።

የከተማዋን የኑድል ሾርባ ግን ማንም ሳይገፋፋኝ ነው የበላሁት። ኦቾሎኒና ቃሪያ ያለበት፣ ወፈር ያለ፣ መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ ስጎ ነው፤ ጠረኑ ገና ከሩቅ ይጠራል። ታሪኩ የስደተኛ ታሪክ ነው። ከፉጂያን ወደ ማላያ፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ኢንዶኔዥያ የተሰደዱት ሰዎች እዚያ የለመዱትን የሳቴ ስጎ ይዘው ተመለሱ። አንዳንዱ ደግሞ ከስጎም ያለፈ ነገር ይዞ ነው የመጣው። ታን ካ ኪ የተባለው የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ሲንጋፖር ውስጥ በጎማ ንግድ ከበረና እ.ኤ.አ. በ1921 የሺያመንን ዩኒቨርሲቲ መሠረተ፤ ኋላ ንግዱ ሲወድቅም ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ ቤቱን እስከ መሸጥ ደረሰ። ለዲያስፖራ ዘመዶቻችን የማስተላልፈው መልእክት የለኝም። ለጊዜው ስጎውም ይበቃናል።

የሻዩ ነገር ለብቻው ይነገር። ሺያመን ውስጥ ግራናይት ለመግዛት ሻይ መጠጣት ግድ ነው፤ ዋጋ ከሻይ በፊት አይነሳም። የሱቁ ባለቤት አዛውንት ናቸው። ፊታቸው ውኃ የሚያንጠባጥብ የእንጨት ትሪ፣ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። ቲዬጓንዪን የሚባለውን፣ ከጎረቤት ከአንሺ ተራሮች የሚመጣውን የተጠቀለለ ቅጠል ክዳን ባለው ስኒ ውስጥ ከትተው የፈላ ውኃ አፈሰሱበት፤ ወዲያው ደፉት። ብክነት መስሎኝ ደነገጥሁ። የመጀመሪያው ውኃ ቅጠሉን ለማጠቢያና ሲኒዎቹን ለማሞቂያ ነው እንጂ አይጠጣም። ሁለተኛው ተቀዳ። ሲኒያቸው የኛ የቡና ሲኒ የልጅ ልጅ ናት፤ አንድ ጉንጭ ትይዛለች። ጠጣሁ። ሞሉልኝ። ወዳጄ ሁለት ጣቱን አጥፎ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገ፤ ይህ እዚያ ምስጋና ነው። እኔም አንኳኳሁ፣ ጠጣሁ፤ ሞሉልኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው። በኛ ወግ የተቀዳልህን ሳትጨርስ ብትነሣ ባለቤቲቱን መናቅ ነው። በነሱ ወግ ደግሞ የእንግዳን ባዶ ሲኒ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ሁለቱ ጨዋነቶች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሻዩ ማቆሚያ ያጣል። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን መርቀን እንነሣለን፤ ከበረካ በኋላ ላለው ዙር ስም እንኳ አላወጣንለትም። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ሲኒዬ ሞልታ ትጠብቀኛለች። ወዳጄን ብመለከተው የሱ ሲኒ ከግማሽ ሰዓት በፊት እንደ ሞላች ሳትነካ ተቀምጣለች። በቃኝ ማለት ሲኒን ሞልቶ መተው መሆኑን ከድሮም ያውቃል!

ከሱቁ ስንወጣ «ምነው ሳትነግረኝ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ምን ላድርግ፤ አንተ በጠጣህ ቁጥር ሽማግሌው ደስ እያላቸው ዋጋ ይቀንሱ ነበር» አለኝ።

ከድንጋዩ ሱቅ ውጭ ያለችው ሺያመን የሙሽሮች ከተማ ናት። ከየአገሩ እየመጡ ፎቶ ይነሡባታል። ከፊት ሲያዩዋት ንግሥት የምትመስል ሙሽራ ከኋላ ቀሚሷ በመቆንጠጫ ተሰብስቦ፣ ከታች ስኒከር አድርጋ ድንጋይ ለድንጋይ ስትዘል ታገኟታላችሁ። በጀልባ ወደ ጉላንግዩ ደሴት ብትሻገሩም ያው ነው። ጉላንግዩ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ የድሮ ቆንስላዎችና የባለጠጋ ስደተኞች ቪላዎች የሞሉባት፣ በፒያኖዋ የታወቀች ትንሽ ደሴት ናት። መኪና አይገባባትም፤ ፍሪጅም ሆነ ሲሚንቶ በእጅ ጋሪ ነው ዳገቱን የሚወጣው። እዚያም አንድ ሙሽራና ሚዜዎቹ መሐል አስገብተው ፎቶ አነሡኝ። ስማቸውን አላውቅም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ግን ተሰቅያለሁ።

ከባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ቀኑ ሲጠራ ኪንመን ይታያል፤ በታይዋን እጅ ያለ ደሴት ነው። ኦገስት 23 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ከዚህኛው ወገን የመድፍ ዶፍ ወረደበት። ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ጦርነቱ ፕሮግራም ወጣለት፤ በጎዶሎ ቁጥር ቀን ይተኮሳል፣ በሙሉ ቁጥር ቀን ይታረፋል። ይህ እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። በኋለኞቹ ዓመታት መድፉ የሚተፋው በአብዛኛው የቅስቀሳ ወረቀት ነበር። የኪንመን አንጥረኞችም የወደቀላቸውን ብረት ሰብስበው የወጥ ቤት ቢላዋ ሠሩበት፤ እስከ ዛሬ ይሸጡታል። ሺያመን ዳር ቆሞ ኪንመንን በመነጽር የሚያይ ቱሪስት ዛሬ ከኋላው ቆማ ወሽመላ የምትሸጥ ሴት አለችለት። ወሽመላ ስል ያው የኛው ወሽመላ ነው፤ በሰው አጥር ላይ ተንጠልጥለን የቀጠፍነው። አገሩ ለካ ቻይና ነው። ብር ላወጣ ስል ሴትየዋ በቅርጫቷ ላይ የተንጠለጠለውን የስልክ መክፈያ ምልክት አሳየችኝ። ጥሬ ብሬን አገላብጣ ስታየው የአባቶቿን ዘመን ገንዘብ ያገኘች ትመስል ነበር።

የዛፍ ክርክርም ነበረብን። ሽማግሌው ባለ ድንጋይ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ እሳት የቀላውን ዛፍ እያሳዩ «የከተማችን ዛፍ ነው» አሉ። በሕግ የተመረጠ መለያቸው ነው። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ዛፍ እያልን የምንጠራው የኛ ነው አልኩ። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ገላገለን፤ ዛፉ የማዳጋስካር ነው።

ሆዴን ያሳረፈልኝ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጋር የሚዋሰነው የናንፑቱዎ የቡድሃ ገዳም ነው። መነኮሳቱ ሥጋ አይቀምሱም፤ ምግብ ቤታቸው ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው። ቶፉው፣ እንጉዳዩ፣ አትክልቱ ይፈራረቃል። ከሁሉ የወደድኩት ሾርባ ስሙ «ግማሽ ጨረቃ በወንዝ ውስጥ» ዓይነት ነው፤ ጉዎ ሞሩዎ የተባለው ገጣሚ ነው ያወጣለት። ጨረቃዋ እንጉዳይ ናት። ሳህኔን ስጠርግ ወዳጄ በመገረም አየኝ።

«በሃምሳው መጾም ክልክል እኮ ነው!»

«መች ጾምኩ? እየበላሁ ነው» አልኩት።

መሄድ ላሰባችሁ የምለው ይህን ነው። ቀዩ አበባ የሚፈካው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ አውሎ ነፋሱ ይከተላል። ጃንጥላ ያዙ፣ ሹራቡን ቤት ተዉት፣ የሻይ ሲኒያችሁን ሞልታችሁ ተዉ። ለጉላንግዩ ጀልባ ፓስፖርታችሁን አትርሱ፤ ያለ እሱ ቲኬት አይቆረጥም።