ወላጅ አምጣ

መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት በር ላይ የተቀበለኝ የመጀመሪያው ቃል «ዩኒፎርምህስ?» የሚል ነበር።

ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት፣ ቦታው መንዝ ነው። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ዱቤ የበላሁበት ሱቅ ዛሬም እዚያው አለ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጢሜ ገና ምደባ አልደረሰውም። ጥበቃው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱላቸውን በበሩ አግድም ጋርደው፣ ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። አስተማሪ ነኝ አልኳቸው።

«ባለፈው ሳምንትም አንዱ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የዘጠነኛ ሐ ተማሪ ሆኖ ተገኘ።»

ደውሉ (ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው) ከተመታ ሩብ ሰዓት አልፎታል። ስለዚህ ክርክሩን ቆረጡት፤ «አርፍደሃል። ወላጅ ሳታመጣ አትገባም!»

ወላጅ አምጣ ለመጨረሻ ጊዜ የተባልኩት አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። ያኔ የሰፈራችንን የታክሲ ረዳት «አጎቴ ነው» ብዬ ይዤ ሄጄ ተገላግያለሁ። መንዝ ላይ የማውቀው ረዳት አልነበረም። የምደባ ደብዳቤዬን አወጣሁ። ፊደሉን ዘለሉት፤ ማኅተሙ ላይ ሲደርሱ ዱላው ዝቅ አለ፣ «አንተ» ደግሞ ከፍ ብሎ «እርስዎ» ሆነ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ! ምን ብርድ ላይ ያቆምዎታል?»

ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው።

ስለ ብርዱ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ነበር። የምደባ ዕጣ ስናወጣ ባሕር ዳር የደረሰው ተጨበጨበለት፤ እኔ ወረቀቴን ስዘረጋ ከኋላዬ የቆመው ልጅ በትከሻዬ በኩል አንብቦ «ብርድ ልብስ ግዛ» አለኝ። አልሰማሁትም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለባት በደብረ ብርሃን አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም፣ እንቁላል ፍርፍሬን በልቼ፣ መስኮቴን ዘግቼ ቀጠልኩ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ተገንጥለን መሬቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ግን፣ ጥቅምትና አጥንት ለምን አብረው እንደሚነሱ ገባኝ።

በሩ ላይ በቆምኩ ማግስት ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ሜጋፎን ይዘው አስተዋወቁኝ። «ባጭሩ» ብለው ጀመሩ፤ ሃያ ደቂቃ ቆየን። እኔ እጅጌው አጭር በሆነ ሸሚዝ ቆሜያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ትምህርት ዋጋ የሚናገር፣ ሌሊት ሳጠናው ያደርኩት ንግግር ነበረኝ። ለተማሪዎቹ የደረሳቸው ግን የጥርሴ ድምፅ ነው፤ ሜጋፎኑ አንዱንም ሳይደብቅ አስተላለፈው። ሞባይል ያለው ሰው ገና በጣት የሚቆጠር ቢሆንም፣ ሞባይል ኪስ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ልጆቹ አሳምረው ያውቁ ነበር። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ አስተማሪ በአርባ ደቂቃው ነው። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይገባ «ቫይብሬት» ሆኛለሁ። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ክበብ ስሄድ ሻይ የምታፈላው እትዬ «ቫይብሬት ማለት እርስዎ ነዎት?» ብላ፣ ስኳሩን ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። ቅር እንዳይለኝ ነው መሰለኝ፣ የሲቪኩ መምህር «ሕገ መንግሥት»፣ ርእሰ መምህሩ ደግሞ «ባጭሩ» እንደሚባሉ ነገረችኝ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ሌላ አገር ነው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አንድ ባዶ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ባለቤት አለው» አለኝ አንዱ።

«የት ሄዶ ነው?»

«በ1996 ተዛወረ።»

ተነሣሁ። ድንገት ከመጣ ምን ይባላል?

ያዘነልኝ አንጋፋው የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር የሚናገረው ታሪክ እንዳለው በኋላ ሰማሁ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ አስተማሪ ያስመጡት ከግብጽ እንደነበረ፣ በጃንሆይ ዘመን ሕንዶች እንደተከተሉ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሰላም ጓዶች ከአሜሪካ እንደመጡ ዘረዘረልኝ። እሱን ራሱን ሒሳብ ያስተማረው ሕንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዝኛ ሲናገር ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል።

«አንተስ ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከሜክሲኮ።»

«ይኸውልህ! ከካይሮም፣ ከቦምቤይም፣ ከካሊፎርኒያም የመጣውን የቻለች አገር ከሜክሲኮ የመጣው አያቅታትም።»

ክፍል ስገባ ደግሞ ከእኔ በፊት የተመደበ አስተማሪ ጠበቀኝ፤ ፕላዝማ ቴሌቪዥን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ጌታ እሱ ነበር። በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ አያረፍድም፣ አይበርደውም። የእኔ ሥራ ቁልፉን መጫን፣ ጥግ ይዞ መቆም፣ መጨረሻ ላይ በተረፈችው ደቂቃ የተባለውን ማስረዳት ነበር። ፕላዝማው ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ማንም ሳይመልስ አመስግኖ ያልፋል። እንዲህ በቀላሉ የሚደሰት አስተማሪ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ተማሪዎቹ ሙሉ ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞሩት በሦስተኛው ሳምንት፣ መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ጥቁሩ መስተዋት ላይ የእኔው ጥላ ብቻ ቀረ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ እስካሁን ያለውን ሁሉ በአማርኛ ይንገሩን።» ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ማለቱ ነው። የሕዋስ ሥዕል በጠመኔ ስሥል እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ደመወዜ ግን አልመጣም። ደብዳቤው ዞን ነው፣ ወረዳ ነው፣ መንገድ ላይ ነው ሲባል ጥር ገባ፤ እኔም በዱቤ ሽሮ ከረምኩ። በመጨረሻ ፔሮሉ ላይ ልፈርም ስጠጋ ከተቆራጮቹ መካከል «ለአዲስ መምህራን አቀባበል» የሚል አየሁ። የምን አቀባበል? ሒሳብ ሹሟን ጠየቅኳት። መስከረም ላይ ተደርጓል፤ ምደባዬ ዘግይቶ ስለነበር በሌለሁበት ተቀብለውኛል። በግ ታርዷል፣ ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ ርእሰ መምህሩም ባጭሩ ስለ እኔ ተናግረዋል። ቀጥሎ «ለተዛወረ መምህር ሽኝት» ይላል፤ በእሱ ቦታ ነው የመጣሁት፣ ዓይኑን አይቼው አላውቅም። ለአቀባበሌም ለሸኘሁት ሰውም ከፍዬ፣ ለዕድርና ለማኅበር ጨምሬ፣ የተረፈችኝን ይዤ ወደ ዱቤ ደብተሬ ሄድኩ።

የአቀባበል ኮሚቴው አባል ያልነበሩት እንግዲህ ጥበቃው ብቻ ናቸው። የጥርሴን ወሬ በሰሙ ምሽት የተከራየሁትን ክፍል በር በዱላቸው አንኳኩ። ብብታቸው ሥር የመንዝ ባና ይዘዋል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ የበግ ሽታው ገና ያልለቀቀ።

«ልጄ ደብረ ብርሃን ሲማር የለበሰው ነው። ደርበህ ተኛ። ስትዛወር ትመልሳለህ።»

«እርስዎ»ው ቀርቶ ወደ «አንተ» እንደተመለስን የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ደስ አለኝ።

ባናው ያመጣው መዘዝም አለ፤ ከሥሩ መውጣት አይቻልም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት እንቅልፍ ጣለኝና ቸርኬው ከተመታ በኋላ እየሮጥኩ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ርእሰ መምህሩ ያረፈደ አስተማሪ የሚመዘግቡበትን ደብተር ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ «ባጭሩ» ብለው ጀምረዋል። ጥበቃው ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መጥተው ከጎኔ ቆሙ።

«ወላጁ መጥቷል» አሉ።