አባ ቆሎ

የድሮ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እኔም በዚህ ወግ ልጠራ ብል፣ ዲንሾ ላይ የተዋወቅሁት ዳማ ፈረስ የሚያሰጠኝ ስም አባ ቆሎ ነው።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ናት። ከፍታዋ ከ3000 ሜትር ስለሚያልፍ ጠዋት ጠዋት ጣት አልታዘዝ ይላል። እዚያ ሴቱም ወንዱም ፈረሰኛ ነው። እናቶች ገበያ ይሄዱበታል፣ ጎረምሶች ይሽቀዳደሙበታል፣ የከተማ እንግዳ ደግሞ ተከራይቶ ይንቀጠቀጥበታል።

የባሌ ፈረስ ፊልም ላይ እንደምናያቸው ረጃጅሞች አይደለም፤ እስከ ትከሻው ቢለካ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ተመራማሪዎች ያገራችንን ፈረሶች በስምንት ሲመድቡ ለባሌው የራሱን ቦታ ሰጥተውታል። እሱ ግን ይህን የሰማ አይመስልም፤ ውርጭ ላይ አድሮ ውርጭ ላይ ይግጣል። የእኔው ዳማ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ክብደቴን ገምቶ ሲያበቃ ፊቱን አዞረ።

ባለቤቱ ሽማግሌ ዛቡን አቀበሉኝ። «ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው» አሉ። እግሬን እርካብ ውስጥ ሳላገባ ፈረሱ ሐሳቡን ለወጠና አፍንጫውን ጃኬቴ ኪስ ላይ ተከለ። ለራሴ የያዝኩት የገብስ ቆሎ ነበር! ባሌ የገብስ አገር ነው፤ ያገሩን እህል በጨርቅ ብትሸፍኑበት አይስተውም።

«መዳፍህን ዘርጋ ልጄ፤ ጣትህን አትጠፍ። እሱ ጣትና ገብስ አይለይም።»

ዘረጋሁ። ከንፈሩ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ጠረገው። ደገምኩ፤ ደገመ። ስሠልስ ሽማግሌው ክንዴን ያዙ።

«አባቴ፣ ደስ ብሎት እኮ ነው።»

«ደስታውንማ ማን ከለከለው? ሆዱን ነው የምፈራው።»

እውነታቸውን ነው። ፈረስ እንደ በሬ አያመነዥክም፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሣር እየነጨ እንዲውል ነው የተፈጠረው። እህል ባንዴ ከበዛበት ቁርጠት ይይዘዋል፣ ማስታወክ ደግሞ አይችልም። እንዲህ ያለ ፍጡር ሠርግ ባይጠራ ይሻለዋል።

ወደ ዌብ ሸለቆ ስናቀና ቁልቁለቱ መጣና ሐሞቴ ፈሰሰ። ፈረስ በተፈጥሮው የሐሞት ከረጢት የለውም፤ የሚፈስበት ስለሌለ ይሆናል፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ሣር ይነጫል። ልጓሙን ብስብ አልሰማኝም። «ተወው፣ መንገዱን ያውቀዋል» አሉኝ ከኋላ፤ «አንተ ብቻ አትውደቅ።» ቀይ ቀበሮ ለማየት የመጣሁ ሰው የፈረስ ጆሮ ሳይ ዋልኩ።

ስንመለስ ሽማግሌው ለራሳቸው ሻይ እንኳ ሳይሉ ኮርቻውን አወረዱ፣ ግላሱን ገልጠው ጀርባውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ንጹሕ ነው፤ ጠባሳ የለበትም። ሁሉም ባለ ፈረስ እንደ እሳቸው አይደለም። እናም ዲንሾ የምትሄዱ፣ ቆሎውን ያዙ፣ ግን በልክ ስጡ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ኮርቻውን አስነሥታችሁ ጀርባውን እዩ። ቆስሎ ከሆነ ኪራዩ ቢረክስም አትውጡ፤ በእግራችሁ ሂዱ።