የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የማይነቃነቅ አቋም

አጎቴ ከሶፊ ወደ ሐረር የሚወጣው ለሁለት ጉዳይ ነው፦ ክኒን ለመግዛትና ለመከራከር። ክኒኑ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፤ ክርክሩ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ፓርኪንሰን ከያዘው ወዲህ በሐረሯ የግንብ ከተማ በጀጎል ውስጥ ሁለት ወዳጆች አፍርቷል። አንደኛው መኪና ግርግር ላይ ዕድሜውን በስፌት የጨረሰ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር። ሦስቱም የሚውጡት አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ሌቮዶፓ። አንዱ የሌላውን ሐሳብ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይሆንላቸውም።

መገናኛቸው ፈረስ መጋላ አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ናት። አስተናጋጇ ቁጢያቸውን፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻያቸውን፣ እስከ ስኒው ወገብ ብቻ ትቀዳለች፤ ሙሉ ከቀዳች ግማሹን ጠረጴዛው እንደሚጠጣው ታውቃለች። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። ከሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበሮች 14ቱ ለሐረሪ ብሔረሰብ የተለየው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ መሆናቸው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ልብስ ሰፊው “ያለዚያማ ቋንቋችን ተረት ሆኖ ይቀር ነበር” ይላል። መምህሩ “የሚያጣላን ይኸው መስመር ማስመር ነው” ይላል። አጎቴ ደግሞ ክልሉ ካሉት 9 ወረዳዎች የገጠሮቹ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ ብቻ መሆናቸውን ያስታውስና “ገበሬውን ማን ጠየቀው?” ብሎ ከሁለቱም ይጣላል። ጀጎል 5 ጥንታዊ በሮች አሏት፤ የነሱ ክርክር ግን መውጫ በር የለውም።

ፓርኪንሰን ለፖለቲከኛ የሚመች በሽታ አይደለም። ፊትን ያደርቃል፤ ማን እንደተናደደ ከገጹ አታነብም። ሚስጥር የምታወጣው እጅ ናት፤ ንዴት መንቀጥቀጡን ስለሚያብሰው “እኔ እንኳ አልተናደድኩም” የሚለውን ሰው ገና ሳይጨርስ ታጋልጠዋለች። ከሁሉ የሚገርመው ድምፃቸው ነው። በሽታው ድምፅን ስለሚያለሳልስ መጮህ አይችሉም። ስለዚህ የተጣላው ሰው ወንበሩን ይስብና ጆሮውን ወደ ባላጋራው አፍ ያስጠጋል። በአገራችን ተከራካሪዎች በተካረሩ ቁጥር ሲቀራረቡ ያየሁት እዚያች ሻይ ቤት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ላስታርቅ ብዬ ገባሁ። ጤነኛ አይደለሁ? ጮኼ ጠረጴዛ መታሁ። ቁጢው ፈሰሰ። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ በዚያች ቀጭን ድምፁ “ልጄ፣ እኛስ ፓርኪንሰን ነው፤ አንተን ምን ያንቀጠቅጥሃል?” አለኝ።

ነገሩ ከሥሩም ፖለቲካ አያጣውም። በሽታው ስሙን የወሰደበት እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በዘመኑ ነገረኛ የሚባል ዓይነት ሰው ነበር። “ኦልድ ሁበርት” በሚል የብዕር ስም መንግሥትን የሚተች በራሪ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። በ1794 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ጆርጅ 3ኛን በመርዝ ቀስት ለመግደል ተዶለተ በተባለው ጉዳይ ምስክርነቱን እንዲሰጥ በመንግሥት ሸንጎ ፊት ቀርቧል። ስለ መንቀጥቀጡ የጻፈው ከዚያ በኋላ በ1817 ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ራሳቸው ታማሚ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት መሥርተዋል። ለአባልነት የሚበቃው ሕመሙ ነው፤ የፓርቲ ካርድ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ሰሞን መምህሩና ልብስ ሰፊው ተኳርፈው ከረሙ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ልብስ ሰፊውን ወደ ቤቱ ስሸኘው በጀጎል የእርቅ መንገድ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ገባን። ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ መተላለፍ የማይቻልበት ስለሆነ የተጣላ ሰው ሳይነጋገር አያልፍበትም ይባላል። ፓርኪንሰን ጠባብ ቦታ አይወድም፤ የሰውዬው እግር መሬት ላይ ተሰፋ። ብጎትተው፣ ብለምነው ንቅንቅ የለም። ከወዲያ በኩል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? መምህሩ!

ሰላምታ የለም። መምህሩ በርከክ ብሎ ከዘራውን ከልብስ ሰፊው እግር ፊት አግድም አጋደመው።

“ተሻገር” አለው።

እግሩ ከፍ አለች፤ ከዘራውን ተራምዶ ሄደ። ከፊት መስመር ሲያይ የታሰረ እግር እንደሚፈታ ታማሚዎቹ ያውቁታል። ልብስ ሰፊው ሁለት እርምጃ እንደሄደ ዞር አለና “አየህ፣ መስመር ሲሰመር ነው ሰው የሚራመደው!” አለ።

“የተሰመረውም እንድትሻገረው ነው” አለ መምህሩ ከዘራውን እያነሳ።

ተያይተው ዝም አሉ። ፊታቸው ስለማይናገር ይሳቁ አይሳቁ አላወቅሁም። ብቻ የመምህሩ ክኒን ማለቁን ልብስ ሰፊው እንዴት እንደሰማ አላውቅም፤ ከኪሱ ማሸጊያውን አውጥቶ የቀሩትን 6 ፍሬዎች ለሁለት ከፈላቸው። በማግስቱ ሻይ ቤቷ ውስጥ ስለ 14ቱ ወንበሮች ካቆሙበት ቀጠሉ።

እናንተም በጀጎል መተላለፊያ እግሩ የተያዘ ሽማግሌ ብታዩ አትግፉት፣ አትጎትቱት። ከፊቱ ከዘራ አጋድሙለትና ጠብቁት። የማንን ወገን እንደሚደግፍ ከተሻገረ በኋላ ትጠይቁታላችሁ።