ሽማግሌው ሰርቨርና ሦስቱ ጎረምሶች

ሽማግሌ ማናገር ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ስለ ራሴ አይደለም የምጠይቀው፤ እኔስ ለምጄዋለሁ። ስለ ሰርቨራችን ነው።

እዚህ አጣዬ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ይባላል። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. «ከእንግዲህ አላውቅህም» ብሎ ጡረታ አውጥቶታል። እኔም ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት የተመለስኩ ነኝና እንግባባለን። የይፋት ሙቀት ሲጠና እኔ ኮቴን አውልቄ፣ እሱ ማራገቢያውን አስጩኾ፣ አብረን ስናጉረመርም እንውላለን። በሚያዝያ 2013 ከተማችን ስትቃጠል ስንቱ ወረቀት አመድ ሆነ፤ እሱ ሆዱ ውስጥ የያዘው ግን ተረፈ። ውለታ የሚቆጥር ቢኖር!

ዘንድሮ ሦስት አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። ቀጫጭኖች፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው። ሰርቨሩ ወደሚያስተዳድረው ዶሜይን ይግቡ ተባለ። አንገባም አሉ።

የአይሲቲዋ ልጅ ከደብረ ብርሃን ተጠርታ፣ ጣርማበርን ወርዳ፣ ሹራቧን እያወለቀች ደረሰች። አንደኛውን ገና ከፈት ስታደርገው ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሆም ነው። የቤት ነው፤ ዶሜይን ውስጥ አይገባም። ፕሮ ነበር የሚገዛው።»

የገዛው ኮሚቴ ያየው ዋጋውን ነዋ! ተጠቅልሎ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ሁለተኛው «ዶሜይኑን አላገኘሁትም» ይላል። በመሐላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው! ለካ ዲኤንኤስ የሚባለው ነገር ኮምፒውተሩ መንገድ የሚጠይቀው ሰው ኖሯል። ጎረምሳው የራሳችንን ሰርቨር መጠየቅ ሲገባው የኢንተርኔቱን ሣጥን ይጠይቃል፤ ሣጥኑ ደግሞ ባሕር ማዶ ይልክለታል። አጣዬ ተቀምጦ የአጣዬን ሰው አድራሻ ከፈረንጅ! ልጅቷ ቁጥሩን ወደ ሰርቨሩ አዞረችው። አገኘው። አገኘውና ዘጋው።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ሰርቨሩ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 ብቻ ነው፣ ጋሼ። አዲሶቹ ይኼን ቋንቋ ከ2010 ወዲህ ተዘግቶባቸው ነው የሚመጡት። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለሙን ያመሰው በሱ ቀዳዳ ገብቶ ነው።»

አንድ ሌባ በገባበት በር ስንቱ ደግ ሰው ገብቶበት ወጥቷል፤ እሱን የሚቆጥር የለም። ለማንኛውም ልጅቷ እጇ እየፈራ ከፈተችለት። «ለጊዜው ነው፤ አደገኛ ነው፤ ይኼን ሰርቨር ቀይሩት» አለችኝ። አልሰማሁም። ሲያሻኝ ጆሮዬ ይደክማል።

ሦስተኛው ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ እጄ አለበት። ያን ጠዋት ስገባ ሰዓቱን አየሁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። በጠራራው በሦስት ሰዓት! ቢሮ በተከፈተ በሰዓቱ ባለጉዳይ «ሊዘጋ ነው» ብሎ እንዳይመለስብኝ አስተካክዬ ሦስት አደረግሁት። ይኼን ማን ወንጀል ይለዋል? ለካ በሩ ላይ ከርቤሮስ የሚሉት ዘበኛ ቆሟል፤ የኮምፒውተሩና የሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ፓስወርድህ ትክክል ቢሆንም አያስገባህም። እኔ የሰጠሁት 6 ሰዓት ነው። ልጅቷ ግማሽ ቀን ገመድ ስትነቅል፣ ገመድ ስትሰካ ዋለች።

«ጋሼ፣ ይኼን ሰዓት ማነው የነካው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት፤ ሻይም አዘዝኩላት።

ገቡ በመጨረሻ። ከጠዋት ጀምሮ ደጅ የተቀመጠ የካራቆሬ ሰው ነበርና የሱን ፋይል በአዲሱ ከፈትነው። ፊደሉ ዶሮ የጫረው መሰለ! በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ አዲሶቹ ያ ፎንት የላቸውም። ልጅቷ ወደኔ ዞር አለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ጥግ ያለውን፣ «ይወገድ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን አሮጌ ኮምፒውተር አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ አስነሣሁት። ሻያችንን ጨርሰን ስንመለስ ተነሥቶ ጠበቀን። ፋይሉ ጥርት ብሎ ተነበበ፤ ታተመ፤ ማኅተም አረፈበት።

ሰውዬው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሊወጣ ሲል አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ቆመ። ስክሪኑ ላይ በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ተራራ ይታያል።

«ቆንጆ ቴሌቪዥን ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ዜናም ያሳያል?»