የወይዘሮ አባልነት አጭር የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ጥሩምባ ስላልተነፋ ይቅርታ። በዚያ ምሽት የለንደኑ ጥሩምባ ነፊ ቢግ ቤን ጥገና ላይ ነበር። ወይዘሮ አባልነት፣ ማለትም ብሪታኒያ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የነበራት አባልነት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲያርፉ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ለተሰበሰበው ሕዝብ የተቀዳ የደወል ድምፅ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀለት። እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀር ለምን ሞቱ የሚል ካለ፣ በብራሰልስ እኩለ ሌሊት ሆኖ ነበር። ከብራሰልስ አዛዥነት ለመውጣት ስንት ዓመት የተለፋበት ቅጽበት የተቆጠረው በብራሰልስ ሰዓት ነው።

ወይዘሮ አባልነት ከአባታቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ፣ ከእናታቸው፣ የኅብረቱ መሠረት ከሆነው ከሮም ውል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ተወለዱ። ምጡ ከባድ ነበር። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ዴጎል በ1963 ብሪታኒያ አትገባም አሉ፤ በ1967ም ደገሙት። ሕፃኗ የተወለዱት ጄኔራሉ ካረፉ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላቸው ይኑሩ ወይስ ይቅሩ ተብሎ በ1975 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገባቸው፤ 67 በመቶው ይኑሩ አለ። በዚያ ዘመቻ ማርጋሬት ታቸር የአባል አገሮቹ ባንዲራ የተሠራበት ሹራብ ለብሰው ፎቶ ተነስተዋል። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አይታይም። እኒሁ ሴትዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በ1984 ፎንቴንብሎ ላይ ተከራክረው ብሪታኒያ ከምትከፍለው መዋጮ ላይ ተቀናሽ አስወሰኑ። ይህቺን ተቀናሽ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ስለ ሟች ክፉ አይወራም ይባላል። እኔ ግን ከእድር ጋር ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ጠባያቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። መዋጮው በዛ ብሎ በየስብሰባው የሚያጉረመርም፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የማይስማማ፣ ድንኳን ሲፈልግ ግን ቀድሞ የሚደርስ አባል የሌለበት እድር የለም። ሟቿ የጋራውን ገንዘብ ዩሮን አልነኩም፤ ድንበር አልባው ሸንገን ውስጥም አልገቡም። አንድ እግራቸው ሁልጊዜ ደጅ ነበር። የሚገርመው፣ ድንኳኑን የሰፋው የእሳቸው ቤተሰብ ነው፤ ሸቀጥ፣ ገንዘብና ሰው ያለ ገደብ የሚዘዋወርበትን የጋራ ገበያ እቅድ በ1985 ያዘጋጀው ታቸር ራሳቸው ወደ ብራሰልስ የላኩት ኮሚሽነር ሎርድ ኮክፊልድ ነበር።

ወደ ሞታቸው ምክንያት ልምጣ። ብዙ ሰው እንውጣ ባይ በሆነው ፖለቲከኛ በናይጄል ፋራጅ ያሳብባል። ፋራጅ ግን ጠላትነቱን ደብቆ አያውቅም። እኔ የምከስሰው የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንን ነው። የፓርቲያቸውን ጭቅጭቅ ለማብረድ ሲሉ በጃንዋሪ 2013 ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያካሂዱ ቃል ገቡ፤ የወንድማማች ጠብ ለመገላገል የእናትን ነፍስ በዕጣ አስያዙ። እሳቸው ራሳቸው እኮ ይኑሩ ባይ ነበሩ! ጁን 23 ቀን 2016 ዕጣው ወጣ፦ 51.9 በመቶ ይውጡ፣ 48.1 በመቶ ይኑሩ። በማግስቱ ጠዋት ካሜሮን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን የሚለውን የይውጡ ባዮችን ቀይ አውቶቡስም ታስታውሳላችሁ። ያዙልኝ ያልኋት የታቸር ተቀናሽ ከዚያ ቁጥር ላይ አልተቀነሰችም።

ጣሩ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ያመጡትን የስንብት ስምምነት ፓርላማው በጃንዋሪ 2019 በ432 ለ202 ጣለው፤ ቆይቶም ሁለት ጊዜ ደገመው። መንግሥት ለመታሰቢያ ኦክቶበር 31 ቀን 2019 የሚል ቀን ያለበት የ50 ፔንስ ሳንቲም ማስቀረጽ ጀምሮ ነበር። ሟቿ በቀጠሯቸው ቀን አልሞት ስላሉ ሳንቲሙ ቀለጠ። ለመቃብር ቆፋሪ ቀብድ ከፍሎ ያስመለሰ ሰው ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽኝቱ ብራሰልስ ላይ ነበር። ሞታቸው ሁለት ቀን ሲቀረው የአውሮፓ ፓርላማ አባላት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዳንዶቹም እያነቡ፣ የስኮትላንዳውያንን የመለያያ ዘፈን ዘፈኑ። ፋራጅና ጓደኞቹ በበኩላቸው ትንንሽ ባንዲራ አውለበለቡ፤ ሰብሳቢዋም የፋራጅን ማይክሮፎን አዘጉበት።

ውርሱስ? በጃንዋሪ 2021 ከእንግሊዝ በመርከብ የተሻገረ የጭነት መኪና ሹፌር ኔዘርላንድስ ወደብ ላይ ስንቁን እንዲያሳይ ተጠየቀ። በፎይል የተጠቀለለ የካም ሳንድዊች ነው። ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር ሥጋ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ወሰደበት። ሰውየው ዳቦውንስ ልያዘው ሲል ለመነ። አይቻልም፣ እንዳለ ይወረሳል ተባለ። ሌላው ውርስ ፓስፖርቱ ነው፦ የአገር ኩራት ይመለስ ተብሎ ቀለሙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተቀየረ፤ ሥራውን ጨረታ ያሸነፈ የፈረንሳይና የኔዘርላንድስ ኩባንያ ፖላንድ ውስጥ አተመው።

የእኛም ሰው ከለቅሶው አልቀረም። የኔዘርላንድስ ወይም የስዊድን ዜግነት አግኝቶ፣ ልጆቼ እንግሊዝኛ ይማሩ ብሎ ለንደን የከተመ ሐበሻ እስከ ጁን 30 ቀን 2021 «ሴትልድ ስታተስ» የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ነበረበት። ትናንት እንደ ቤተኛ በገባበት አገር ፊቱንና ፓስፖርቱን በስልኩ እያነሳ ስንት ዓመት እንደኖረ ማስረዳት ጀመረ።

ቤተሰቡ ስለ ትንሣኤ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ በሹክሹክታ፣ አንዳንዱ በአደባባይ። መልሱ ለሞታቸው በተጠቀሰው የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50፣ አምስተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ ተጽፏል፦ የወጣ አገር ልመለስ ካለ እንደማንኛውም አዲስ አመልካች ያመለክታል። ዩክሬን፣ ሞልዶቫና አልባኒያ ወረፋ ይዘው እየጠበቁ ናቸው። የታቸር ተቀናሽ ግን ከሟቿ ጋር አብራ ተቀብራለች።